ከሽንኩርቱ ሥር

«ሬሳ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ ትሸጣለች አሉ» አለች ከኋላ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ። ባጃጁ ከሆስፒታሉ በር ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም ዋና መንገድ ላይ ጋሪ ለማሳለፍ ቆም ብሎ ነበር። ያምሮት ከሾፌሩ አጠገብ በግማሽ መቀመጫ ተንጠልጥላ፣ የካሜራ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ፣ ምንም ሳታስብ ነበር የምትሄደው። «በስመ አብ! የምን ሬሳ ነው ደግሞ?» አለች ሁለተኛዋ። «የሬሳ ፎቶ ነዋ። ያ ለሙት ዓመት የሚሰቅሉት ትልቁ ላስቲክ የለም? እሱን ጉልት ላይ አንጥፋ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ሽንኩርት ልትገዛ ጎንበስ ብትል የገዛ ልጇ! ካቻምና ነቀምት መንገድ ላይ አይሱዙ የጨረሰው ልጇ! ገበያውን በለቅሶ ደበላለቀችው አሉ።» «ኧረ ግፍ ነው! ከየት አምጥታ ነው እሱን የምታነጥፈው?» «ፎቶ ቤቶቹ ናቸዋ። አልቅሰሽ አልቅሰሽ ስትመልሽላቸው አጥበው ይቸበችቡታል።» ያምሮት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። መውረጃዋ ገና ነበር፤ እሷ ግን «ወራጅ አለ» ብላ ሒሳቧን ሰጥታ ወረደች።

«ፎቶ ቤቶቹ» መባሉ ለጨዋነት ነው። ያገለገለ ባነር መልሶ የሚቀበል ፎቶ ቤት በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእሷ። ነገሩ የተጀመረው በንዴት ነበር። በምርቃት ሰሞን የተሰቀለው ባነር ሁሉ ክረምት ሲገባ ከየአጥሩ እየወረደ ቦይ ይደፍናል፣ ከብት ያኝከዋል፣ የተረፈውን ሰው ሰብስቦ ሲያቃጥለው ጭሱ ሰፈሩን ሁሉ ያስለዋል። «ያሳተምኩት እኔ፣ የበላሁበት እኔ፣ የሚታነቀው የሰው ከብት» አለች አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ የስቱዲዮዋን የላስቲክ መጋረጃ አንሥታ ሸማኔ የሠራውን የጥጥ መጋረጃ ሰቀለች፤ የሚያጓራውን ጄኔሬተር ሸጣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር አስተከለች። ፎቶውን ከማተሟ በፊት በኮምፒዩተር እያሳየች «የትኛዋን ወደዳችኋት? አንዷ ትበቃችኋለች» ስትል ግማሹ ቀለም ቆጥባ ነው ይላል፣ ግማሹ ሰንፋ ነው ይላል። ባነር ሲያዙም በጨርቅ ይሁንላችሁ ብላ ትለምናለች፤ እምቢ ካሉ ግን በላስቲኩ ታሳትማለች፤ ሐዘንተኛን ማን ይከራከረዋል? ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ሲመልሱላት ለሚቀጥለው ፎቶ ዋጋ ትቀንስላቸዋለች። የተመለሰውን አጥባ ለገበሬ የበቆሎ ክምር መሸፈኛ፣ ለነጋዴ የበርበሬ ማስጫ አድርጋ ትሸጠዋለች። ትርፉ ትርፍ አይባልም። ባሏ አሸናፊ ቤቱን «የልፋት ሱቅ» ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ደክሟታል።

አንድ ሕግ ግን ነበራት። ፊት ያለበት ባነር ፊቱ ተቆርጦ ሳይወጣ አይሸጥም። የሰው ፊት አይረገጥም፣ በቃ። ችግሩ የተቆረጠው ፊት ነው፤ ምን ይደረግ? ማቃጠል እንዳይባል፣ ጭሱን ሸሽታ ነው እዚህ የደረሰችው፤ ደግሞስ የማንን ፊት እሳት ውስጥ ትጨምራለች? መቅበር እንዳይባል፣ የሟቾቹስ ይሁን፤ የሙሽሮቹንና የተመራቂዎቹን ፊት ማን ደፍሮ ይቀብራል? ሟርት ነው። ስለዚህ ሁሉም ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል ውስጥ ይከመራሉ። ሙሽራው ከሟቹ፣ የነርስ ተመራቂዋ ከባለ ቆቡ ሽማግሌ ጋር ተደራርበው፣ ሁሉም ፈገግ ብለው። ባለፈው ፋሲካ አማቷ ከሽንዲ መጥተው እዚያ ክፍል ቢነጠፍላቸው፣ «ልጀ፣ ይኸን ሁሉ እንግዳ ሰብስበሽ እኔን ለምን ጠራሽኝ?» ብለው ፍራሻቸውን ወደ ሳሎን አስወጡ። ያምሮት ያን ጊዜ ስቃለች። ዛሬ ስታስበው አያስቅም።

ሱቁ ስትደርስ አሸናፊ የሌንስ መስታወት እየወለወለ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከጥጥ መጋረጃው ፊት አንድ በርጩማ፣ በመስኮቱ በኩል ያረጀ ኮምፒዩተር፣ ግድግዳው ላይ ከሰው የተቀበሉት አሮጌ ክፈፍ ሁሉ ታድሶ ተደርድሯል። «የአያ ቢሰጥን ልጅ ባነር ለማን ሸጥከው?» አለችው ቦርሳዋን ሳታወርድ። የማን ባነር እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ነቀምት መንገድ ላይ አይሱዙ ተገልብጦ ከሞተ የመኪና ረዳት እሷ ባነር ያሳተመችለት አንድ ነው፤ ወንዳወቅ። ባነሩን የመለሱት አባትየው አያ ቢሰጥ ራሳቸው ናቸው፤ በጋቢ ጠቅልለው አመጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ «ኸቤት አይዋልልን» አሉ፣ የዋጋ ቅናሹን ቢነግሯቸው በእጃቸው አይሆንም ብለው ወጡ። ለምን ብላ አልጠየቀቻቸውም። «ለዓባይነሽ ነው፣ ለሽንኩርት ነጋዴዋ» አለ አሸናፊ። «ፊቱን ሳትቆርጥ?» «መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ላስቲክ ማን ይገዛል ያምሮት? ገልብጠሽ አንጥፊው ብያታለሁ።» ሌንሱን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየና እንደገና መወልወሉን ቀጠለ። ድሮ ቢሆን ትጮህበት ነበር። አሁን ግን ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እሱ ያልተናገረውን ታውቀዋለች፤ ወንድሙ ቡሬ ውስጥ እንደልቡ እያተመ፣ እንደልቡ እየሸጠ ቤት ሠርቷል። እሷ ያልተናገረችውንም፣ ያቺን አንድ ሕጓን፣ እሱ ያውቃል። ዓርብ ነው፣ ነገ ቅዳሜ ነው። እናትየዋ ነገ ገበያ ብትመጣ ደግሞ ልታየው ነው። ያምሮት ያን ስታስብ ሳትቀመጥ ተመልሳ ወጣች።

ዓባይነሽ ጉልቷ ላይ አልታጣችም፤ ቅዳሜ ዋናው ገበያ ቢሆንም እሷ ቀን አትመርጥም። ሽንኩርቷ በሦስት መደብ ተከምሯል፣ ከመደቦቹ መሐል ደግሞ ወንዳወቅ በአንድ ዓይኑ ወደ ሰማይ ያያል። ሌላው ዓይኑ ከሽንኩርት ሥር ነው። ያን ፎቶ ያነሣችው ራሷ ያምሮት ናት፤ ለመንጃ ፈቃድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ፈልጎ መጥቶ፣ አትሳቅ ብትለው አልሆንልህ ብሎት፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ የቀረችው ፈገግታ አሁንም አለች። ጉንጩ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል። «ገዝቼው ነው፤ አልሰረቅሁት» አለች ዓባይነሽ ገና ሳትጠየቅ፣ ሰሞኑን መከሰስ በለመደ ሰው አነጋገር። «ገልብጠሽ አንጥፊው አላለሽም?» «ብሎኛል፤ ጀርባው ነጭ ነው፣ ጭቃው ይታይበታል። ምን ላድርግ? ደግሞ እኔ በምን አውቄ! ሴትዮዋ ደንበኛዬ ናት እኮ። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አንዷን ሽንኩርት አንሥታ አንዷን ስታስቀምጥ ግማሽ ቀን ነው የምትመርጠው። አመሏ ነው ብዬ እንጂ እናቱ ናት ብዬ? ያለፈው ቅዳሜ ሚዛኑን ፊቱ ላይ ሳስቀምጠው እሪ አለች። ሰው ሁሉ እኔን ነው ያየኝ።»

ዓመቱን ሙሉ! ለያምሮት አንድ ቀን ብቻ መስሏት ነበር። ያቺ ሴት ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚህ ቆማ፣ የልጇ ፊት ላይ ሽንኩርት ሲመዘን እያየች፣ ሰው እንዳይሰማባት አፏን ይዛ ኖራለች ማለት ነው። ሌላ ላስቲክ ልለውጥሽ አለቻት ለዓባይነሽ፤ ዓባይነሽ እንደሱ ወፍራም አላገኝም፣ ይኼኛው ጭቃ አያስገባልኝም ብላ እምቢ አለች። ፊቱን ብቻ ልቁረጠው ብትላት ደግሞ «ቀዳዳውን ማን ይደፍንልኛል?» አለች። ተጎራባቾቹ ነጋዴዎች ሥራ ፈትተው አንገታቸውን አስግገዋል፤ «ፊቱን ማጥፋት ነው፣ ሌላ ምን አለ» አለች የቲማቲም ሻጯ። ያምሮት ማሰብ ሰልችቷት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ካለው የቀለም መሸጫ ገብታ ቀለም የሚያሟሟውን ቲነር ገዝታ፣ አሮጌ ጨርቅ ለምና ተመለሰች። ቲነርን አጥብቃ ትጠላዋለች፤ ለአፈሩም ለሳንባውም መርዝ ነው እያለች ከሱቋ ካባረረችው ስንት ጊዜ ሆነ።

ሽንኩርቱን ገለል አድርገውላት ተንበረከከች። ከዓይኑ መጀመር አልቻለችም። ከሸሚዙ ኮሌታ ጀመረች፤ ሰማያዊው ቀለም በጨርቁ ተጠርጎ ወጣ፣ ከሥሩ ነጩ ላስቲክ ብቅ አለ። ቀጥሎ አንገቱ፣ ከዚያ አገጩ፣ ከዚያ ያቺ የከንፈሩ ጥግ። ሽታው ዓይኗን አስነባት፤ የቲማቲም ሻጯ «አይዞሽ፣ ጽድቅ ነው» አለቻት የምታለቅስ መስሏት። ምናልባትም ታለቅስ ነበር፤ እሷም አልለየችውም። ዓይኖቹን በመጨረሻ ጠረገቻቸው። ጨርቆቹን አፈር ላይ እንዳይቀሩ ለቅማ በፌስታል ቋጠረች። ዓባይነሽ ነጭ የሆነውን ቦታ በእጇ ዳሰስ አደረገችና «ንጹሕ ሆነ» ብላ ሽንኩርቷን መልሳ ዘረጋችበት። ያምሮት ስትነሣ የጸጉሩ ጥቁር ቀለም ጥፍሮቿ ሥር ገብቶ ነበር፤ በውኃ ብታሸው አልለቀቀም።

እዚያው ላይ ብታቆመው ይበቃ ነበር። ግን እናትየዋን ይቅርታ ሳትጠይቅ ማደሩ አልሆንልሽ አላት። ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ይዛ፣ መንገዱ ዳር ወርዳ፣ በበቆሎ ማሳዎቹ መሐል ወደ አያ ቢሰጥ ቤት በእግሯ አቀናች። አዝመራው ተሰብስቧል፤ አንዱ ማሳ ጥግ የቆመ ክምር ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚል ግማሽ ጽሑፍ ያለበት፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ላስቲክ ተወጥሯል። የእሷ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ቆማ ትመለከተውና ልቧ ትንሽ ሞቅ ይል ነበር። ዛሬ እንዳላየች አለፈችው፤ የምትናገረውን ቃል በልቧ እየደረደረች ነበር። ቢያንስ ለእናትየዋ የምትሰጣት አንድ ደግ ወሬ አላት፤ ከእንግዲህ እዚያ አያዩትም።

አያ ቢሰጥን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማረሻ እየሞረዱ አገኘቻቸው። ማንነቷን ሲለዩ ተነሡና «ግቢ ልጀ፣ ቤት ለእንግዳ» አሉ። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ውስጡ በጭቃ ተመርጓል። ሚስታቸው እትየ ቻይነሽ ከጓዳ ወጥተው ጨበጧት፣ መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፉላት፣ ጠላና የሽምብራ ቆሎ አቀረቡላት። ቀጭን፣ አንገታቸውን በጥቁር ሻሽ የጠመጠሙ ሴት ናቸው፤ ሲራመዱ ድምፅ የላቸውም። ግድግዳው ባዶ ነው። ከምሰሶው አጠገብ ጥግ ላይ ግን ሽንኩርት ተከምሯል፤ ለሁለት ሰው ቤት የማይሆን ክምር፣ የታችኛው አረንጓዴ አውጥቶ የበቀለ፣ የላይኛው ገና ትኩስ። ያምሮት አየችውና ለዘር ይሆናል ብላ ተወችው። ባልና ሚስቱ አንዱ ሌላውን ሳያይ ስለ አዝመራው፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ ደኅንነት ጠየቋት። ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ ከተሰማ የቆየ ይመስል ሁለቱም ለእሷ ብቻ ነበር የሚናገሩት።

ጠላውን ሳትጨርስ ተነሥታ ቆመች። «እትየ ቻይነሽ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«በምኑ ልጀ?» አሉ አያ ቢሰጥ።

«የወንዳወቅ ፎቶ ገበያ ላይ ተነጥፎ ያዩት በእኔ ጥፋት ነው። መቆረጥ የነበረበት ሳይቆረጥ ተሸጠ። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱን እያዩ መመለስዎን ዛሬ ነው የሰማሁት፤ እግዜር ያሳይዎት፣ ብሰማ ኖሮ አንድ ቀን አላሳድረውም ነበር።»

እትየ ቻይነሽ ባላቸውን አዩ። ያምሮት ምን እንዳደረገች የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ሰውየው አያውቁም ነበር። አያ ቢሰጥ ሞረዳቸውን መደቡ ላይ አኖሩት። «ገበያ ላይ?» አሉ። ቀጥሎ ወደ ያምሮት ዞረው፣ በቀስታ፣ «ፎቶውን ያመጣሁልሽ እኮ እንዳታየው ብየ ነው። ቀን ኸሌት ኸሥሩ ቁጭ ብላ እህል አልቀምስ አለች። ልትሞትብኝ ሆነች። ካህኑም ኸፊቷ አንሣው አሉኝ፤ አነሣሁት። ከዚያ ወዲያ ገበያ መውጣት ጀመረች፣ እህልም ቀመሰች፣ ተመስገን አልሁ። ሽንኩርት ብቻ ለምን እንደምታመጣ አልገባኝም እንጂ። ይኸው ዓመት ሙሉ ስጨቀጭቃት…» አሉና ቆሙ። ጥግ ላይ ያለውን ክምር አዩት። ያምሮትም አየችው። ደጅ ላይ ዶሮ ትጭራለች።

ያምሮት ወደ እትየ ቻይነሽ ዞረች። «አሁን ግን አይጨነቁ» አለች ተቻኩላ፣ «ዛሬ ሄጄ አጥፍቼዋለሁ። በቲነር ጠርጌ አንድም አልቀረ። ነጭ ሆኗል። ከእንግዲህ ሄደው አያዩትም።» ደግ ወሬዋ ያ ነበር፤ እየተናገረችው ሳለ ራሷ ጆሮ ውስጥ ተበላሸ።

«አጠፋሽው?» አሉ እትየ ቻይነሽ። ቁጣ አልነበረበትም። የያምሮትን እጅ ያዙና ገልብጠው አዩት፣ ጥፍሮቿ ሥር የቀረውን ጥቁር ቀለም በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው አሹት፣ ከዚያ ለቀቋት።

አያ ቢሰጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሌላ አትሚልን» አሉ። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሚስታቸውን አይተዋቸዋል። «ያንኑ የሚያህል። ኸግድግዳው ይሰቀል፣ እኔው እሰቅለዋለሁ። ማንሣቴ ጥፋት ነበር።» ፎቶው ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ። ያምሮት ለሐዘንተኛ ሁሉ የምትለውን፣ በጨርቅ ይሁንላችሁ የሚለውን፣ አላሰበችውም እንኳ፤ በላስቲክ ቢሉ በላስቲክ፣ በነፃ ቢሉ በነፃ፣ ዛሬውኑ ባሕር ዳር ልካ ልታሳትመው አፏን ከፈተች።

«አልፈልግም» አሉ እትየ ቻይነሽ።

ሴትዮዋ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ኸግድግዳው ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ብላ አልለው፣ ሂድ አልለው፣ ና አልለው። እሱም ያያል፣ እኔም አያለሁ። እንደሱ ከሆነስ ሞተ ማለት ነው» አሉ። «ኸገበያው ግን ሥራ ይዞ ነበር። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ እሱ ኸመሐል ነው። ሽንኩርቱን ኸጭቃ ይጠብቃል። አንዷን ሳነሣ ግንባሩ፣ አንዷን ሳነሣ ጉንጩ። ደንበኛው ነኝ እኔ። እንዴት ዋልህ ብየው፣ ነካ አድርጌው፣ ደኅና ዋል ብየው ነው የምመለሰው። ያች ልጅ ሚዛኑን ኸዓይኑ ላይ ስታኖርበት ነው ያልቻልሁ እንጂ፣ ኸዚያ አንሡት መቼ አልሁ?»

ያምሮት መቆሟን ረስታ ቆማለች። እትየ ቻይነሽ ሲናገሩ አንድም ጊዜ አላለቀሱም። ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የገበያ ዘንቢል አዩት፣ ከዚያ እሷን፣ የነገ ውሎውን እንደሚያማክር ማንኛውም ሰው።

«ነገ እኮ ቅዳሜ ነው» አሉ። «እንግዲህ የት ልሂድ?»